ኒፕሲ ሀስልን ጅማ ላይ እንዴት እንዳሰብነው

የምታደንቁት ሙዚቀኛ ድንገት ሲሞት ሐዘኑን የት እንደምታደርሱት ግራ ይገባችኋል። ዘመድ አይደለም። ለቅሶ የሚደረስበት ቤት የለም፣ ድንኳን አይተከልም፣ እድር አይጠራም። "ነፍስ ይማር" ብሎ ፎቶ መለጠፍ ደግሞ ለአንዳንዶቻችን አይበቃም።

እኔ ጅማ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት የሰፈር ራፐሮችን ድምጽ እቀዳለሁ። ኒፕሲ ሀስል በተገደለ ጊዜ ከልጆቹ ጋር ተሰብስበን አንድ ምሽት አሰብነው። ምሽቱ ጥሩ ነበር፤ ከምሽቱ የተነሣው ሥራ ግን ይበልጣል። ሌላ ከተማ ያሉ ልጆች ይህን ሰምተው "እኛም ለምንወደው አርቲስት እንዲህ ብናደርግ ከየት እንጀምር?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላው በአካል ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኒፕሲ ሀስል የመድረክ ስሙ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ኤርምያስ ነው፤ ኤርምያስ አስገዶም። በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ቀን 1985 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ ዳዊት አስገዶም ኤርትራዊ ናቸው፤ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ያደገው ደቡብ ሎስ አንጀለስ፣ ክሬንሾ በሚባለው ሰፈር ነው። መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን፣ ከገዛ የልብስ መደብሩ ደጃፍ በጥይት ተመታ። 33 ዓመቱ ነበር።

እዚያ ከቀትር በኋላ ነው፤ እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ጅማ ላይ ወሬውን የሰማነው ሰኞ ጠዋት ነው። ቀኑ ደግሞ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1። ግማሹ ልጅ "ኤፕሪል ዘ ፉል ነው" ብሎ አላመነም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስልኬ ላይ የሚገባው መልእክት ሁሉ "እውነት ነው እንዴ?" የሚል ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ቡና ይዛለች። ፊቴን አየችና "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?" አለችኝ።

"አንድ ራፐር ነው እማዬ። አሜሪካ።"

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "የማን ልጅ ነው?" አለች።

"አባቱ የኤርትራ ሰው ናቸው። ስሙ ኤርምያስ ነው።"

ጀበናውን ከከሰሉ አንስታ ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው። "እናቱ አለች?"

"አለች።"

"እሷን ያጽናት። በል ቁጭ በልና ንገረኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበር? ምን ይሠራ ነበር?"

አቦሉን ጠጥተን በረካው እስኪደርስ ነገርኳት። እናቴ ራፕ ሰምታ አታውቅም። ልጁ ግን ገባት። ሲዲውን መንገድ ላይ ሲሸጥ፣ ሱቅ ሲከፍት፣ ለሰፈሩ ልጆች ሥራ ሲሰጥ እንደነበር ስነግራት ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ከዚያ "ይሄንን ለጓደኞችህም ንገራቸው፤ ሁሉም ዘፈኑን እንጂ ሰውየውን አያውቁም ይሆናል" አለችኝ። የምሽቱ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። እኛ ለቅሶ ቤት የምናደርገውም ይኸው አይደል? ሟቹ ምን እንዳደረገ እናወራለን።

አርባውን ለማሰብ ተስማማን። አርባው ግንቦት 1 ላይ ይውላል። ሐሙስ ስለሆነ ወደ ቅዳሜ ገፋነው። ረመዳን ገብቶ ነበር፤ ከልጆቹ ከግማሽ በላይ ሙስሊም ናቸው። አፍጥረው፣ ተራዊሕ ሰግደው እስኪመለሱ ጠበቅናቸውና 3 ሰዓት ገደማ ጀመርን። ቦታው ሄርማታ አካባቢ ያለ የአንድ ጓደኛችን ቤተሰብ ግቢ ነው። በዚያ ሰሞን የግቤ 3 ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበርና ባትሪ ያለው ድምጽ ማጉያ ተውሰናል። የግንቦት ዝናብም አይታመንም፤ ሸራ ወጠርን። ተምር፣ ሳምቡሳና ቡና ቀረበ። ጎረቤቶችን ቀደም ብለን አስፈቅደናል። ቀበሌም ነግረናል። እንዲህ ያለ ነገር ስታዘጋጁ ይህን አትርሱ። ሌሊት ላይ ከፍ ያለ ሙዚቃና የወጣት ስብስብ ሲያይ የማይሰጋ ጎረቤት የለም፤ ቀድማችሁ ስትነግሩት ግን ራሱ ወንበር ያውሳችኋል። እኛም በርጩማዎቹን ሁሉ ያገኘነው ከጎረቤት ነው።

ከምሽቱ በፊት የተከራከርንባቸው ነገሮች ነበሩ። እነዚህን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፣ እናንተም ትገጥሟቸዋላችሁና።

የመጀመሪያው ወሬ ነው። ኒፕሲ ከመሞቱ በፊት ዶክተር ሴቢ ስለሚባሉት የሆንዱራስ የዕፅዋት መድኃኒት ሰው ዘጋቢ ፊልም እየሠራ ነበር። ይሄ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ "መድኃኒት ኩባንያዎች አስገደሉት" የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። ጅማም ደረሰ። ከእኛ አንዱ ልጅ ይህንኑ ሊያቀርብ ወረቀት ጽፎ መጣ። ልጁ አዋቂ ነው፣ ክፋትም የለበትም። ትልቅ ሰው በትንሽ ምክንያት ሞተ ማለት ከብዶታል። ሁላችንንም ይከብደናል። ለትልቅ ሐዘን ትልቅ ምክንያት መፈለግ የሰው ጠባይ ነው።

ነገር ግን የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በዚያው ሳምንት ተጠርጣሪውን ይዞ፣ ነገሩ በሁለት በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የተነሣ የግል ጠብ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ገዳዩ የዚያው ሰፈር ሰው ነው። ኋላም በ2014 ዓ.ም. ዳኞች ጥፋተኛ አሉት፤ በቀጣዩ ዓመት ከ60 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እኛ በዚያ ምሽት የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ገና አላየንም። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ ፖሊስ ከተናገረው ውጭ ስለ አሟሟቱ አንናገርም፤ የገዳዩንም ስም አንጠራም። ምሽቱ የእሱ አይደለም። ዛሬም ስሙን አልጽፍም።

ወሬ የጻፈው ልጅ ተከፋ። በምትኩ ሌላ ነገር እንዲያነብ ሰጠነው። ኒፕሲ በተገደለ ማግስት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው የፖሊስ አመራሮች ጋር ቀጠሮ ነበረው። የሚነጋገሩት ሰፈሩ ውስጥ ያለውን የወሮበሎች ግድያ እንዴት እንደሚቀንሱና ልጆቹን እንዴት እንደሚያግዙ ነበር። ልጁ ይህንን ሲያነብ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከየትኛውም ሴራ ይልቅ የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ሰማያዊ ሻሽ ነው። አንዳንዶቹ ልጆች ራሳቸው ላይ ሰማያዊ ሻሽ አስረው ሊመጡ ፈለጉ። ፎቶው ላይ አይተውት ነው። እኔ አይሆንም አልኩ። ኒፕሲ በወጣትነቱ ሮሊን ሲክስቲስ የሚባለው የወሮበላ ቡድን አባል ነበር፤ ራሱም ደብቆት አያውቅም። ሰማያዊ ደግሞ ይህ ቡድን የሚገኝበት ትልቅ የወሮበሎች ኅብረት፣ የክሪፕስ፣ ቀለም ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቀለም የተነሣ ሰው ሞቷል። ጅማ ላይ ፋሽን ይመስላል፤ እዚያ ግን እናቶች ልጃቸውን የቀበሩበት ነገር ነው። ስለዚህ ያለፈበትን መንገድ በግልጽ ተናገርን፤ ልብሱን ግን አልለበስንም። ስለ ሟች ስታወሩ ቅዱስ አታድርጉት። ያኮራችሁንም ያሳፈራችሁንም ብትናገሩ ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም እሱ ከሞተ በኋላ እርስ በርስ ሲገዳደሉ የኖሩ ቡድኖች ለሐዘኑ አንድ ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። ይህን ያስቻለው ከየት እንደመጣ ስለማይክድ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቲሸርት ነው። ይሄ ከሁሉም በላይ አከራክሮናል። በዚያ ሰሞን የእሱ ፎቶ ያለበት ቲሸርት ገበያ ላይ እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር። ከመካከላችን አንዱ "እኛም አትመን ብንሸጥ የምሽቱን ወጪ ይሸፍናል፣ ትርፍም አለው" አለ። ነገሩ ክፉ ሐሳብ አይመስልም። ግን አስቡት። ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ "ስማችሁንና ሥራችሁን ራሳችሁ ያዙ" ሲል የኖረ ነው። በሞተ በአርባ ቀኑ እኛ ፊቱን ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ እንሸጣለን? መዋጮ አድርገን ወጪውን ቻልን። ያላቸው ብር አዋጡ፣ የሌላቸው ወንበር ተሸከሙ፣ አንዷ እህታችን ቡናውን ከቤቷ አመጣች።

ሙዚቃም ቢሆን ከየትም አውርደን አላጫወትንም። ብዙዎቹ የቀድሞ ሥራዎቹ እሱ ራሱ በነጻ የለቀቃቸው ሚክስቴፖች፣ ከመደበኛ አልበም ውጭ የሚወጡ የዘፈን ስብስቦች፣ ናቸው። የመረጥነው ከእነዚያ ነው። ስድብ የበዛባቸውን ተውን፣ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ምሽቱ ላይ የነገርናቸው ታሪክ ይሄ ነው።

ኤርምያስ በፈረንጆቹ 2004 ከአባቱና ከወንድሙ ከሳሚኤል ጋር ኤርትራ ሄዶ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠ። ከዚያ ጉዞ በኋላ ስለ ራስ ሥራና ስለ ራስ ንብረት ያለው አስተሳሰብ እንደተለወጠ ደጋግሞ ተናግሯል። ተመልሶ ከወንድሙ ጋር ሲዲና ልብስ መሸጥ ያዘ። ቦታው ክሬንሾና ስሎሰን የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቀጥሎ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረመው። አልሆነለትም፤ ወጣ። ብዙ ሰው ከትልቅ ኩባንያ ሲወጣ አለቀለት ይባላል። እሱ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ።

በፈረንጆቹ 2013 ደግሞ ጉድ ሠራ። "ክሬንሾ" የተባለውን ሚክስቴፕ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ለቀቀው። በዚያው ጊዜ 1,000 ሲዲ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር አቀረበ። በጊዜው ምንዛሪ 1,900 ብር ግድም ማለት ነው፣ ለአንድ ሲዲ፣ ያውም በነጻ ለሚገኝ ዘፈን! ሰው ሳቀበት። ሲዲዎቹ ግን በአንድ ቀን ውስጥ አለቁ። ታዋቂው ራፐር ጄይ ዚ ብቻውን 100 ገዛ። ይሄንን ሲሰሙ የእኛ ልጆች ያጨበጨቡት ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሥራውን የሚወዱት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ከእነሱ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ መኖር እንደሚችል ስላሳየ ነው። ጅማ ላይ ላለ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። "እዚያ ያለ ሰው ካላወቀኝ አልዘፍንም" ብሎ የሚቀመጥ ስንት ድምጽ አለ!

የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሚክስቴፕ ሲሠራ ከቆየ በኋላ። ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተመልሶ ሠራ፤ በዚህኛው ግን ሸሪክ ሆኖ እንጂ ተቀጣሪ ሆኖ አይደለም። አልበሙ ለግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ታጨ። ሲዲ ይሸጥበት በነበረው ማዕዘን የልብስ መደብር ከፈተ፤ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ከሸሪኩ ጋር ሆኖ ግቢውን ገዛው። ከእስር ወጥተው ሥራ ያጡ የሰፈሩን ሰዎች ይቀጥር ነበር። መደብሩን "ማራቶን" ብሎታል። የአበበ ቢቂላ ሀገር ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። የስንብቱ ሥነ ሥርዓት ሚያዝያ 3 ቀን ስቴፕልስ ሴንተር በሚባለው የሎስ አንጀለስ ትልቅ አዳራሽ ተደርጎ፣ ባራክ ኦባማ የላኩት ደብዳቤ ተነቦ፣ አስከሬኑ በከተማው ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲዞር ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ ሸኘው።

ተራኪዎቹ በየተራ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነበር የተናገሩት። ያልተጻፈ ደንብ ነበረን፦ ለማንም አይተረጎምም፣ ያልገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን ሰው እርስ በርሱ ያወራል። ጅማ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ያላሰብነው ነገር መጣ። ከልጆቹ አንዱ ተነስቶ የራሱን ተናገረ። ስም አልጠራም፤ እሱም አልጠራም። አንድ ቀረጻ ቤት ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ዘፈን ቀድቷል። ቢቱን፣ ግጥሙ የሚሄድበትን ሙዚቃ፣ ያሠራው በራሱ ገንዘብ ነው። ሥራው ሲያልቅ የሰጡት ስልክ ላይ የሚጫወት አንድ ፋይል ብቻ ነው። ዋናውን ሲጠይቅ ዛሬ ነገ አሉት። ከወራት በኋላ ቢቱን በሌላ ሰው ድምጽ ሰማው። "ምን ይዤ ልክሰስ? ወረቀት የለኝ፣ ደረሰኝ የለኝ" አለ። ድምጹ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተራ በተራ ሌሎችም ተናገሩ። አንዱ ግጥሙ ተወስዶበታል፤ ሌላው ከጓደኛው ጋር አብሮ የሠራውን ዘፈን ሁለቱም "የኔ ነው" ብለው ተጣልተው አይነጋገሩም።

ኒፕሲን ለማሰብ ተቀምጠን እሱ የታገለለት ነገር እኛው ግቢ ውስጥ ተገኘ።

በማግስቱ ከሕግ ተማሪ ጓደኛችን ጋር ቁጭ ብለን የኢትዮጵያን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996ን፣ አነበብነው። እናንተም አንብቡት። የሚያስፈራ አይደለም። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ግጥም ጽፋችሁ ወይም ዜማ ሠርታችሁ በወረቀት ወይም በቀረጻ ካኖራችሁት መብቱ ያኔውኑ የእናንተ ነው፤ እስኪመዘገብ አይጠብቅም። ምዝገባው ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናችኋል። የኢኮኖሚ መብታችሁን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው፤ "በቃል ተስማምተን ነበር" የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ይህን አስታውሱት። የደራሲው መብት በሕይወት እያለም ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል።

ሌላው ብዙ ልጆች የማይለዩት ነገር፣ አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት እንዳለ ነው። ግጥሙና ዜማው አንድ ነው። የተቀዳው ድምጽ፣ ማስተር የምንለው፣ ሌላ ነው። ግጥሙ የእናንተ ሆኖ ማስተሩ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ኒፕሲ ከኩባንያዎች ጋር ሲደራደር የሙጥኝ ያለው ማስተሩን ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀን። ክፍሌ መጥቶ የሚቀዳ ሁሉ ማይክ ከመያዙ በፊት ይፈርማል። ቀኑ፣ የዘፈኑ ስም፣ ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ቢቱን ማን ሠራ፣ ማን ከፈለ፣ ማስተሩ የማን ነው፣ ገቢ ቢገኝ እንዴት ይከፈላል። ቢትና ድምጽ ለየብቻው ሆኖ ዋናው ፋይል ሁሉ በዕለቱ ለባለቤቱ በፍላሽ ይሰጣል፤ አንድ ቅጂ እኔ ጋ ይቀራል። ሁለት ምስክር ይፈርማል። መጀመሪያ ላይ "እኛ ጀለሶች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል?" የሚሉ ነበሩ። እኔ የምመልሰው ጀለስነቱ እንዲቆይ ነው የምንፈርመው እያልኩ ነው። እነዚያ የተጣሉት ሁለቱ ልጆችም በዚሁ ወረቀት ነው የታረቁት፤ ግጥሙን እኩል ተካፈሉ፣ ማስተሩን የከፈለው ወሰደ።

በወረቀቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፦ "ባለቤቱ ቢሞት ፋይሉ ለማን ይሰጥ?" ይህችን ያስጨመረን ራሱ ኒፕሲ ነው። በጊዜው እንደተዘገበው ኑዛዜ ሳይተው ነው የሞተው፤ ንብረቱን ለማስተዳደር ወንድሙ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት። ይህን ያህል ስለ ባለቤትነት ያሰበ ሰው ይህ ከገጠመው እኛንማ እንዴት! በ20ዎቹ ያለ ልጅ ስለ ሞቱ መጻፍ ይከብደዋል። አንዳንዱ "ሟርት ነው" ይላል። አላስገድድም፤ ቦታውን ባዶ ትቶ ይፈርማል። አብዛኞቹ ግን የእናታቸውን ወይም የእህታቸውን ስም ይጽፋሉ።

ይህች መስመር ሥራ ላይ ውላለች። ከምቀዳቸው ልጆች አንዱ ታሞ ሞተብን። ጎበዝ ገጣሚ ነበር፤ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ሲጨርስ የቱ ጋ እንደተሻገረ አታውቁትም። የእህቱን ስም ጽፎ ነበር። ከሰልስት በኋላ መጣች። ያለንን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋት፤ ያላለቁትንም፣ ቢት ሳይገባባቸው የተቀዱትንም። አንዱን ክፈትልኝ አለችኝ። ከግጥሙ በፊት ጉሮሮውን ጠርጎ "እሺ፣ ዝግጁ ነኝ" ይላል። እዚያ ላይ አቁሜ መልሼ፣ አቁሜ መልሼ አሰማኋት። ዘፈኖቹ ይውጡ አይውጡ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ቀኑ አልነበረም። ዓመት ካለፈ በኋላ ራሷ ደውላ ሁለቱ እንዲወጡ፣ ሌሎቹ እንዲቀሩ ነገረችን። የግጥሙን ደራሲ ስም እንዴት እንደምንጽፍ፣ ገቢው በማን ስልክ እንደሚገባ እሷው ወሰነች። ከአድናቂዎቹ "ሁሉንም ልቀቁት፣ ለሕዝብ የተሠራ ነው" የሚል ግፊት ነበር። ፍቅራቸው ይገባኛል። ግን ያላለቀ ሥራ ሟቹ ራሱ "ይሁን" ያላለው ሥራ ነው።

እንግዲህ የምትወዱት አርቲስት አርፎ የመታሰቢያ ምሽት ለማዘጋጀት ለምታስቡ የምለው ይሄ ነው። ምሽቱን ትንሽ አድርጉት። የምትናገሩትን እያንዳንዱን ነገር ከየት እንዳገኛችሁት ቀድማችሁ ተጠያየቁ፤ ያላረጋገጣችሁትን ተዉት። ዘፈኑን ከማብዛት ሥራውን ተርኩ፦ እንዴት ጀመረ፣ ማን አታለለው፣ እንዴት ተነሣ፣ ምን ትቶ ሄደ። ከዚያ ለተሰበሰቡት "የእናንተስ ሥራ የት ነው ያለው?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ። እንባ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፤ ሥራም የሚጀመረው እዚያው ነው።

እኛ አሁን የሞተበትን ቀን ትተን ነሐሴ 9ን፣ የተወለደበትን፣ ይዘናል። ክረምት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሄዱትም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሚመጣ ሁሉ ባለፈው ዓመት የቀዳውን አንድ ሥራና የፈረመበትን ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀት የሌለው እዚያው ይጽፋል፤ ምስክር አይጠፋም።

አርቲስቱ የአካባቢያችሁ ልጅ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት ቤተሰቡን አግኙ። ሰልስቱ ይለፍ። አንድ ሰው ብቻ ይሂድ፣ ስልክ ሳይደቅን። የልጃቸው ድምጽ ያለበትን ፍላሽ ይዞ ይሂድና ይስጣቸው፤ ስለ መታሰቢያው እነሱ እስኪያነሱት ይጠብቅ።